የሚጾም ድስት

ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባለው ኮረብታ ላይ ሆኖ፣ ክረምቱ አልፎ አየሩ ሲጠራ፣ ወደ ምዕራብ ያየ ሰው ከሰማዩ ግርጌ አንድ ቀጭን የብርሃን መስመር ያያል። ጣና ነው። የከተማው ሰው «ባሕሩ» ይለዋል፤ ብዙው ግን ቀና ብሎም አያየውም። እኔ የተወለድኩት ከዚያ መስመር ዳር ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ እወጣና ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ብዙ ባየሁት ቁጥር የሚቀርብ ይመስለኛል። አንዳንዴም ውሃው ሽቅብ ወጥቶ፣ የፎገራን ሜዳ ሞልቶ፣ ከእግሬ ሥር ያለውን የገብስ ማሳ ሲያወዛውዝ አገኘዋለሁ። ለካ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነው።

ይህ ሕልም ደጋ ከወጣሁ ጀምሮ አልለቀቀኝም። ሚኒባስ ውስጥ፣ ስብሰባ ላይ፣ የትም ይሁን ዓይኔ ከተከደነ ውሃ አያለሁ። ዓሦች በባሕር ዛፉ መሐል ቀስ ብለው ሲዋኙ አያለሁ። እዚህ አገር ባሕር ያለው በዛፉ ስም ላይ ብቻ ነው፤ ሕልሜም ይህን አውቆ ሳይሆን አይቀርም ዓሦቹን እዚያ የሚለቃቸው።

የመጣሁት ለሥራ ነው። የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ፤ ከደብረ ታቦር እስከ ገሳይ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ቀበሌዎችን እየዞርኩ እናቶችን ስለ ሕፃናት አመጋገብ አስተምራለሁ። ደጋው ገብስ አለው፣ ድንች አለው፣ ባቄላ አለው። ልጆቹ ግን እንደሚገባ አያድጉም። ጉንጫቸው በብርድ የቀላ፣ ሲያዩዋቸው የሚያሳሱ ናቸው፤ የሚያስደነግጠው ዕድሜያቸውን ሲጠይቁ ነው። እዚያ ታች፣ ዓይን በሚያየው ርቀት፣ ዓሣው በበረዶ ታሽጎ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። ወደ እኛ ሽቅብ የሚወጣው ጥቂት ነው፤ እሱም ከሆቴል ቤት አያልፍም። ይህን ሳስብ ንድድ ይለኛል። አንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ ተናገርኩ፤ «አስተያየቱ ተይዟል» ተባልኩ። እንደተያዘ ቀረ።

በመጨረሻ ዓሣውን ራሴ መሸከም ጀመርኩ። ከሐይቁ ዳር የደረቀ የዓሣ ቋንጣ አስመጣለሁ፤ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ዱቄት ይሆናል። ከዚያ በሕፃኑ አጥሚት ወይም ገንፎ ውስጥ በማንኪያ ይጨመራል። ትምህርቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። መከራው መንገዱ ነው። ዘንቢሌን ይዤ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ መስኮቶች አንድ በአንድ ይከፈታሉ፣ ብርዱም አብሮ ይገባል።

«እህቴ፣ ምንድን ነው የያዝሽው?» አለኝ አንድ ቀን ረዳቱ፣ አፍንጫውን በአንገት ልብሱ ሸፍኖ።

«መድኃኒት።»

«ለምን የሚሆን?»

«ለቁመት።»

ልጁ አጭር ነበር። ትንሽ አሰበና፣ «እንግዲያው ከፊት ተቀመጪ» አለኝ።

እኔ ለዚህ ሽታ አዲስ አይደለሁም። አባቴ በታንኳ ዓሣ ያጠምድ ነበር። ቤታችን፣ ልብሳችን፣ ደብተሬ ሳይቀር ይሸት ነበር። ትምህርት ቤት «አምባዛ» እያሉ አፍንጫቸውን ይይዙብኛል፤ አምባዛ ያ ጢም ያለው፣ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ነው። ከዚያ ሽታ ለመሸሽ ነው አጥብቄ የተማርኩት ብል አልዋሸሁም። ተምሬ ተምሬ እሱኑ በዘንቢል ይዤ ደጋ ወጣሁ።

አሁን የምነግራችሁ ሰፈር ገሳይ ሳይደርሱ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለ ነው። የጉና ተራራ ከበላዩ ተቀምጦ ጠዋት ጠዋት ጉሙን ይለቅበታል። የምግብ አሠራሩን የማሳየው በአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነበር። የግቢው ባለቤት ዕድሜያቸው የገፋ፣ አቋማቸው ቀጥ ያለ፣ ነጠላቸው ሁልጊዜ የነጣ እናት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «እሜቴ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ልጃቸው ለሥራ ቆላ ወርዷል። ከእሳቸው ጋር የምትኖረው ምራታቸው ናት፤ ገና ልጅነቷ ያላለቀ፣ ድምጿ የማይሰማ ሴት። ሁለት ልጆች አሏት። ትልቋ ሴት ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው ሲሉኝ አላመንኩም፣ የአራት ዓመት ልጅ ታክላለች። ትንሹ ወንድ ነው፤ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ ትልልቅ ዓይኖቹን ሰው ላይ ተክሎ የማይነቅል።

መጀመሪያ ቀን ሕፃኑን ልለካው የእንጨት ሰሌዳዬን ዘርግቼ ላጋድመው ስል እሜቴ እጄን ያዙ።

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«ቁመቱን ልለካው ነው፣ እሜቴ።»

«ልጅ ቆሞ ነው የሚለካ። ተጋድሞ የሚለካ ለሣጥን ነው።»

ሰሌዳውን ዝቅ ብዬ አየሁት። ከዚያ ቀን በፊት ስንት ልጅ አጋድሜበታለሁ፤ ሣጥን መምሰሉ ታይቶኝ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ነገር አልመስል አለኝ። «ገና መቆም አልጀመረም እኮ» አልኳቸው በለሆሳስ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ያም ፈቃድ ነው ብዬ ለካሁት። ቁመቱ ከሚገባው በታች ነበር። ብዙ አይደለም።

«ገና ነው» አልኳት እናትየዋን። «ሁለት ዓመት እስኪሞላው ጊዜ አለን። ደህና ከበላ ይደርስበታል።»

የምራትየዋ ዓይን ግን ከበሩ አጠገብ ቆማ ጭራሮ በምትሰባብረው በትልቋ ልጅ ላይ ነበር።

ለትምህርቱ ከመሥሪያ ቤት የተሰጠኝ ሥዕል ነበር። ሠዓሊው ዓሣ አይቶ የማያውቅ ይሁን ወይ ብዙ አይቶ የተደናገረ፣ ጥርሱ የገጠጠ፣ ሰማያዊ፣ አንድ ጎጆ የሚያክል የውቅያኖስ ፍጡር ሥሎ ነው የሰጠን። ሴቶቹ ዝም ብለው አዩት። አንዷ ቀስ ብላ፣ «እኛ እንበላዋለን ወይስ እሱ ይበላናል?» አለች። ግቢው በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሥዕሉን ጠቅልዬ ዘንቢል ውስጥ ከተትኩት፤ ከዚያ በኋላ አላወጣሁትም። «መቀንጨር» የሚለውንም የቢሮ ቃል ያን ቀን ተውኩት። እነሱ «ቆሞ ቀረ» ነው የሚሉት። ልጁ ከሆነ ቦታ ድረስ መጥቶ፣ ሌሎቹ ሲያልፉ እሱ እዚያው ቆሞ ቀረ።

እሳቱ ተያያዘ። አንዷ የገብስ ዱቄት ሰጠች፣ አንዷ ዘይት፣ አንዷ ሽንኩርት። «ድስትስ?» ስል ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ። ሁሉም ድስት አላቸው፣ ቤታቸውም ቅርብ ነው። የተነሣ ሰው ግን አልነበረም። ከከተማ ያመጣሁት የአልሙኒየም ድስት ስለነበረኝ ነገሩን ሳላስብበት አለፍኩት። አጥሚቱ ተሠራ፣ ሕፃናቱ ቀመሱ። የእሜቴ የልጅ ልጅ ማንኪያውን በድዱ ይዞ አልለቅ አለ። ሴቶቹ ሳቁለት። ደስ ብሎኝ ዱቄቱን በየፌስታሉ አከፋፍዬ፣ ድስቴን አጥቤ፣ ይዤው ተመለስኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ውሃ እያየሁ ደብረ ታቦር ገባሁ።

በሌላ ጊዜ ስመለስ ፌስታሉ እንደታሰረ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት።

«ምነው አልሠራሽለትም?» አልኳት ምራትየዋን።

«በየትኛው ድስት?» አለችኝ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እሜቴ ቤት የሚሠራበት ድስት አንድ ነው። ፍስክ ሲሆን ወተቱም ቅቤውም ይገባበታል። ጾም ሲገባ በአመድና በእንዶድ ይፈተጋል፣ ፀሐይ ላይ ይገለበጣል፣ ከዚያ ወዲያ የፍስክ ነገር አይነካውም። ታዲያ ዓሣ የየትኛው ወገን ነው? እዚያ ታች፣ እኔ ባደግሁበት፣ ብዙ ሰው ከጾም ምግብ ይቆጥረዋል፤ ካህናቱ ይቆጣሉ፣ ሰዉ ይበላል። እዚህ ላይ የሚያውቅ የለም። እሜቴ ደግሞ የማያውቁት ነገር ድስታቸው ውስጥ እንዲገባ አይፈልጉም።

«ቅርፊት አለው?» አሉኝ እሜቴ። «ቅርፊትና ክንፍ የሌለው አይበላም ይላል መጽሐፉ።»

«አለው፣ እሜቴ።»

«የታለ? ይኸ ዱቄት ነው።»

ልክ ናቸው፤ ዱቄት ቅርፊት የለውም። ሳስበው አንድም እናት የዓሣ ዱቄቱን ያላመነችኝ ለዚህ ነው። እኔ ሳይንስ መስሎኝ ያመጣሁት ነገር ለእነሱ ፊት የሌለው ነገር ነበር። በሚቀጥለው ጉዞዬ ቆሮሶ የሚባለውን ቅርፊታም ዓሣ አንድ ሙሉ በቅጠል ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ። እሜቴ ቁርበታቸው ላይ ተቀምጠው ዓሣውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። በጣታቸው ጀርባ ከጅራት ወደ ራሱ ሲዳስሱት ቅርፊቱ ብድግ ብድግ አለ። ከዚያ ዓይኑን አዩት።

«ይኸ ሁሉ ዘመን እዚያ ነበረ?» አሉ በመጨረሻ፣ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አድርገው።

«እዚያ ነበረ።»

«እኛስ እዚህ ነበርን» አሉ። አንዲት ቅርፊት ነቅለው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ዕለቱን የንስሐ አባታቸው ጸበል ሊረጩ መጥተው ነበር። ረጋ ያሉ፣ ትንሽ ጆሯቸው የደከመ ካህን ናቸው። ነገሩን ጮክ ብዬ አስረዳኋቸው። ዓሣውን አገላብጠው አዩና ቅርፊቱን አመሰገኑ። «ንጹሕ ነው፤ በፍስክ ይበላል» አሉ። «በሁዳዴ ግን በእኛ ዘንድ አይበላም። ሕፃን ልጅ ደግሞ ጾም የለበትም፤ በሁዳዴም ቢሆን ይብላ። ይኸን ስናገር ዓመታት ሆነኝ፤ የሚሰማኝ የለም።»

ድል ያደረግሁ መሰለኝ። ወደ እሜቴ ዞርኩ። እሳቸው ጎንበስ ብለው መስቀሉን ተሳለሙና ቀና አሉ።

«ልጁስ አይጾምም፣ አባቴ» አሉ። «ድስቴ ግን ይጾማል።»

ካህኑ የሰሙ አልመሰለኝም። ወይም ሰምተው ዝም ብለዋል። ጸበላቸውን ረጭተው ሄዱ። በሰው ድስት ላይ ይህን ያህል የምናደድ መሆኔን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። የሆነ ነገር ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ እሜቴን ሳያቸው ግን ተውኩት። እያሾፉ አልነበረም። ያቺ ቤት ስትራብም ስትጠግብም እንደ ሰው የቆየችው በዚያ ሥርዓት ነው፤ እሳቸው ሥርዓቱን የሚጠብቁት በጸሎት ብቻ ሳይሆን በድስትም ነው።

ምራትየዋ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ሕፃኑን አዝላ፣ ትልቋ ልጅ ቀሚሷን ይዛ። ጉሙ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖት ነበርና መኪና በድምፁ እንጂ በመልኩ አይታይም። ለመጀመሪያ ጊዜ ረዘም አድርጋ የተናገረችኝ ያን ጊዜ ነው።

«እሷ እንደሱ ሳለች ደህና ነበረች» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅቷን ሳታይ። «ሁዳዴ ገባ። እኔም ጾምኩ፣ ጡቴ ነጠፈ። ድስቱም ጾመ። እሷም ከድስቱ ጋር ጾመች። ያን ጊዜ ነው ቆማ የቀረች። በሚመጣው ዓመት ደግሞ ሰባት ሞልቷት ራሷም ትጾማለች።» የሕፃኑን ማዘያ ጠበቅ አደረገች። «አሁን ሁዳዴ እየመጣ ነው። ይኸኛውም እንዳይቆም ነው የምፈራ።»

«የእኔን ድስት ውሰጂው» አልኳት። «አሁኑኑ።»

«እሜቴን ብያቸው ነበር» አለችኝ። «ስንት ቤት የዞረ፣ ምን እንደነካው የማይታወቅ ድስት ይሉታል።»

ሚኒባሱ መጣ። ተሳፍሬ መስኮቱን ስከፍት ሦስቱም ጉሙ ውስጥ ቆመው ነበር። ሕፃኑ ያንን የማይነቀል ዓይኑን ከናቱ ትከሻ በላይ አድርጎ ያየኛል። መኪናው ሲንቀሳቀስ መጀመሪያ ልጅቷ ጠፋች፤ ጉሙ ከታች ነበርና አጭሩን አስቀድሞ ነው የሚሸፍነው።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አገር አሁን አሁን የታወቀ ነው፤ አንድ ጠዋት መናኸሪያው ባዶ ይሆናል፣ መቼ እንደሚከፈት የሚነግርህ የለም። ሰው «መንገድ የለም» ይላል እንጂ ምክንያቱን አያነሣም። ስልኩም አብሮ ጠፋ። ቅበላው አለፈ፣ ሁዳዴ ገባ። እኔም ድስቴን ፈትጌ ሽሮዬን መጣድ ያዝኩ። ለራሴ ሽሮ ባቀረብኩ ቁጥር ያ ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል ይታየኛል። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ ጸጥታው ሲከብድ ሸለብ ያደርገኛል፤ ውሃው ይመጣል። ሕፃኑ በመለኪያ ሰሌዳዬ ላይ ተጋድሞ እንደ ታንኳ ይንሳፈፋል፤ አይሰጥምም፣ ወደ ዳርም አይመጣም፣ ዓይኑን ብቻ ተክሎብኛል። ልይዘው እጄን ስዘረጋ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ውሃ እደፋለሁ። አንድ ቀን የቢሮ ባልደረባዬ ወረቀቶቹን እያደራረቀ፣ «ጾሙ ከበደሽ መሰለኝ» አለኝ። አዎ አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ?

ፈራሁ። ሥራዬ ስለሆነ አይደለም የፈራሁት። ያ ልጅ ማንኪያውን በድዱ ይዞ አልለቅ ሲል አይቼዋለሁና ነው። ሙሉ ሁዳዴን ያለ ምንም ነገር ቢያሳልፍ እኅቱ የቆመችበት ቦታ እንደሚቆም አውቃለሁ፤ ከእናቱ በቀር ይህን የማውቅ እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

መንገዱ የተከፈተው ጾሙ ከእኩሌታው ሲያልፍ ነው። በመጀመሪያው መኪና ሄድኩ። ዘንቢሌ ውስጥ ቋንጣ ብቻ ሳይሆን ከሱቅ የገዛሁት፣ ማንም ያልነካው አዲስ ድስት ነበር፤ እምቢ ቢሉኝ እግራቸው ላይ ልወድቅ ቆርጬ ነበር። ከአስፋልቱ ስወርድ ጉሙ እጄን እንኳን አያሳየኝም። መንገዱን በእግሬ እየዳበስኩ ስሄድ፣ ግቢው ሳይደርስ፣ አንድ ነገር አፍንጫዬን ያዘኝ። ቆምኩ። ሕልም ይሆናል ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ። ሽታው እዚያው ነው። ያ በልጅነቴ ያፈርኩበት፣ የአባቴ እጅ፣ የቤታችን በር፣ የደብተሬ ሽታ በደጋው ጉም ውስጥ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ይመጣል። በእውነት እንባዬ መጣ። ካፈርኩበት ሽታ እንዲህ ያለ ደስታ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እሜቴ ከቤቱ ጀርባ፣ ጣሪያው ከሚያስጠልልበት ሥር፣ በሦስት ትንንሽ ድንጋዮች ጉልቻ ሠርተው ጎንበስ ብለዋል። ጉልቻው ላይ አንዲት ትንሽ የሸክላ ድስት ተጥዳለች። ጥቁረቷ ገና ያልተስተካከለ አዲስ ድስት ናት። ምራትየዋ ሕፃኑን ታቅፋ ጎናቸው ተቀምጣለች። ሕፃኑ በሁለት እግሩ የእናቱን ጭን እየረገጠ ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ይነሣል። ሮጬ ሄጄ ያዝኩት። ከብዶኛል። ሰሌዳ አላስፈለገኝም።

«መንገዱ ሲዘጋ የቀረሽ መስሎን ነበር» አሉ እሜቴ፣ ቀና ሳይሉ።

«ድስቱ ከየት መጣ፣ እሜቴ?»

«ከገሳይ ገበያ።» ማማሰያውን አዞሩ። «የማይጾም ልጅ የማይጾም ድስት ይፈልጋል። አባም ብለዋል፣ ልጁ አይጾምም ብለዋል። በዚያው አንች በተውሽው ዓሣ አሟሸሁት። ሌላ ነገር አልነካውም፤ አይነካውምም።»

ማሟሸት ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ አዲስ ሸክላ እንደተገዛ አይበስልበትም፤ መጀመሪያ ቅባት ጠጥቶ እሳት ላይ ይጣዳል፣ የጭቃ ጠረኑ ይወጣና የቤቱን ጠረን ይይዛል። የያዘውን ጠረን ደግሞ ዕድሜ ልኩን አይለቅም። እሜቴ ያቺን ድስት ለሌላ ለምንም እንዳትሆን አድርገው በዓሣ አሟሿት።

«በሁዳዴ መሆኑ አያስጨንቅዎትም?» አልኳቸው። ልተወው ስችል ጠየቅሁ፤ አፌ ነው።

«ክርስትና አልተነሣ» አሉ ወደ ድስቷ በአገጫቸው እያመለከቱ። «ምን ብሎ ይጾማል?»

ምራትየዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። እኔም የሱቁን ድስት ዘንቢል ውስጥ ወደ ታች ገፋ አደረግሁት። በኋላ ለሌላ ሴት ሰጠሁት።

እሜቴ አጥሚቱን ከፍ ዝቅ እያደረጉ አዩት። ከዚያ ጨው ነሰነሱበትና እጃቸውን እንዳንጠለጠሉ ቀሩ። ጨውን ሳይቀምሱ ማወቅ አይቻልም። እሳቸው ጾመኛ ናቸው። ምራትየዋን አዩ፤ ጾመኛ። እኔን አዩ፤ ሽታውን ጠግቤ ልሞት ነው፣ ግን እኔም ጾመኛ ነኝ።

«ነይማ» አሉ።

ትልቋ ልጅ ከጭራሮው ክምር ጀርባ ተነሥታ መጣች። ሥራው ለእሷ እንግዳ እንዳልሆነ ከአካሄዷ ታወቀኝ። እሜቴ በማማሰያው ጫፍ ቆንጠር አድርገው ሰጧት። በከንፈሯ እፍ አለችበት፣ ቀመሰች።

«ጨዉ እንዴት ነው?»

ልጅቷ አሰበች። «አላወቅሁም» አለች። «እንደገና ልቅመስ።»

እሜቴ እንደገና ሰጧት። አሁን በዛ አድርገው ነው። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ዋጠች፣ ከንፈሯን ላሰች፣ አሁንም ማማሰያውን እያየች ጠበቀች። እናቷ መሬት መሬቱን ታያለች። እሜቴ ወደ እኔ ዞሩ። ያ ሁልጊዜ ቀጥ የሚለው ትከሻቸው ትንሽ ወደ ፊት አዘንብሎ ነበር።

«አንች የተማርሽ» አሉኝ፣ ልጅቷ እንዳትሰማ ዝቅ አድርገው። «እሷንስ ያሳድጋት ይሆን?»

መልሱን አውቀዋለሁ። በየግቢው እየዞርኩ የማስተምረው እሱኑ ነው፤ ጊዜው እስከ ሁለት ዓመት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያመለጠ ቁመት እንደሚገባው አይመለስም እላለሁ። ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ፣ ሲሉኝም ሰምቻለሁ፣ ተፈትኜበትም አልፌያለሁ። ልጅቷ ከእሜቴ ወገብ በታች ቆማ በእኔና በድስቷ መሐል ዓይኗን ታመላልሳለች። ጉሙ ከኋላዋ ነጭ ሆኖ ቆሟል።

«ጨዉን በደንብ ትቅመስ፣ እሜቴ» አልኳቸው።

እሜቴ ፊቴን ሲመለከቱ ቆዩ። መልሱን እንዳገኙት አየሁ። ድስቷን ከጉልቻው አወረዱ፣ የሕፃኑን ድርሻ በጽዋ ለእናቱ ቀዱ። የቀረውን ከነድስቷ ልጅቷ ፊት አስቀመጡና ማማሰያውን እጇ ላይ አኖሩላት።

«ቀስ ብለሽ ቅመሽ፣ ልጄ» አሏት። «ጨው ቶሎ አይታወቅም።»